ከኮምቦልቻ እስከ ጦሳ፦ የሕያዋንን ማኅበረሰብ በመስክ መለካትና ከዓለም ባዮሞች ጋር ማነጻጸር

የዓለም ባዮሞች በትምህርት ቤት የሚሸመደዱት በአብዛኛው በሠንጠረዥ ነው። ተማሪው የሳይቤሪያን ደን ስምና የዋልታውን በረዶ ያስታውሳል፤ ነገር ግን ከራሱ ከተማ በላይ በተዘረጋው ተራራ ላይ ጥድና ወይራ ለምን አብረው እንደሚበቅሉ፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ ግራር ለምን እንደሚበዛ ሲጠየቅ መልስ ያጣል። ይህ መመሪያ በደሴና በኮምቦልቻ ለሚያስተምሩ የባዮሎጂና የጂኦግራፊ መምህራን፣ ለትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበባት፣ እንዲሁም በራሳቸው ተነሳሽነት ተፈጥሮን ማጥናት ለሚፈልጉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የሚያስፈልገው ገመድ፣ ደብተርና ትዕግሥት ነው።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ማኅበረሰብ ማለት በአንድ ቦታና በአንድ ወቅት አብረው የሚኖሩ፣ አንዱ ሌላውን የሚጠቅም ወይም የሚጎዳ ዕፅዋት፣ እንስሳት፣ ፈንገሶችና ረቂቅ ተሕዋስያን በሙሉ ናቸው። ባዮም ግን ከዚህ እጅግ የሰፋ ነው፤ የሙቀትና የእርጥበት ሁኔታው ተቀራራቢ በመሆኑ ዕፅዋቱ ተመሳሳይ መልክ የያዙበትን ሰፊ የምድር ክፍል ያመለክታል። መልኩ ይመሳሰላል እንጂ ዝርያው የግድ አንድ አይሆንም። በሜክሲኮ በረሃ የሚበቅለው ካክተስና በወሎ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ የሚቆመው ቁልቋል ሁለቱም ግንዳቸው ውኃ ያዥ፣ አካላቸው እሾሃማ ነው፤ ይሁን እንጂ ቤተሰባቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። የእኛው ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት መሰል ፈሳሽ ያወጣል፤ ይህ ፈሳሽ ዓይንን ክፉኛ ስለሚጎዳ ተማሪዎች እንዳይነኩት አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የጥናት ቦታ አመራረጥ

የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪ ለዚህ ጥናት የታደለ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው የሐረጎ ዳገት በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚወጣ ነው። አየሩ በየ100 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በ650 ሜትር ልዩነት የ4 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ይጠበቃል። በእርግጥም የኮምቦልቻ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ወደ 19 ዲግሪ፣ የደሴ ደግሞ ወደ 15 ዲግሪ ይጠጋል። አያቶቻችን ይህንኑ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው ከፍለውታል፤ በተለመደው አከፋፈል ወይና ደጋ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር፣ ደጋ ከዚያ እስከ 3,200 ሜትር፣ ውርጭ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ የሐረጎን ዳገት የወጣ ሰው የወይና ደጋንና የደጋን ወሰን በእግሩ ተሻግሯል ማለት ነው።

ቢያንስ ሦስት ቦታዎችን ይምረጡ፦ አንዱ በኮምቦልቻ ዙሪያ በቦርከና ወንዝ ዳር ወይም ከወንዙ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ አንዱ በሐረጎ ዳገት መካከል፣ አንዱ ደግሞ ከደሴ በላይ በጦሳ ወይም በአዝዋ ገደል ተዳፋት ላይ። የተዳፋቱ ፊት በሦስቱም ቦታ ወደ አንድ አቅጣጫ ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው የምሥራቅ ፊትና ከሰዓት በኋላ የሚሞቀው የምዕራብ ፊት በአንድ ከፍታ ላይ ቢሆኑም የተለያየ እርጥበት ይይዛሉ። የከፍታው ልዩነትና የአቅጣጫው ልዩነት ከተደባለቁ ውጤቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ከኮምቦልቻ አጠገብ ያለው የየጎፍ ደን የተጠበቀ ደን በመሆኑ ለንጽጽር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ወደ እርሱም ሆነ ወደ ተከለሉ ተራሮች ከመግባትዎ በፊት ግን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠይቁ፤ የቀበሌውንም ሽማግሌዎች ያስፈቅዱ። ሽማግሌዎቹ ፈቃድ ከመስጠት አልፈው የዕፅዋቱን ስም፣ ጥቅምና የቀድሞ ስርጭት የሚነግሩ በመሆናቸው ከእነርሱ ጋር የሚጠፋ ሰዓት አይቆጭም።

ከወቅቶች ሁሉ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ይሻላሉ። የክረምቱ ዝናብ ገታ ብሎ ሣሩና አበባው ገና ስላልደረቀ፣ ዝርያን ከዝርያ በአበባው መለየት ይቀላል።

ካሬ አዘጋጅቶ መቁጠር

ለዛፎች 20 በ20 ሜትር፣ ለቁጥቋጦዎች በዚያው ውስጥ 5 በ5 ሜትር፣ ለሣርና ለአረም ደግሞ 1 በ1 ሜትር የሆነ ካሬ ያዘጋጁ። አራት ችካል፣ በየሜትሩ ቋጠሮ የተደረገበት የሲባጎ ገመድና መዶሻ ይበቃሉ። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን ለማረጋገጥ ከአንዱ ችካል በአንድ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው ጎን 4 ሜትር ይለኩ፤ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው። ቦታውን በዓይን ያማረ ስለሆነ አይምረጡ፤ ሰው ሁልጊዜ ዛፍ ወደበዛበት ያደላልና። ከመንገዱ ተነሥተው በየ50 እርምጃው አንድ ካሬ ቢተክሉ ይህ አድልዎ ይቀንሳል።

በካሬው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ዛፍ በስሙ ይመዝግቡ፤ የግንዱንም ዙሪያ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ። ዙሪያውን በ3.14 ሲያካፍሉ ውፍረቱን ያገኛሉ። ቡቃያዎችን ለብቻ ይቁጠሩ፤ የዛሬው ቡቃያ የነገውን ደን ይናገራል። ትልልቅ ጥዶች ቆመው ከሥራቸው አንድም የጥድ ቡቃያ የሌለበት ካሬ ዛሬ ደን ቢመስልም እየሞተ ያለ ማኅበረሰብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ምክንያቱ የከብት ግጦሽ ነው። ስሙን ያላወቁትን ተክል ቅርንጫፉን ከአበባው ወይም ከፍሬው ጋር ቆርጠው በጋዜጣ መካከል ያስቀምጡ፤ ከላዩ ከባድ ነገር ይጫኑበት፤ ጋዜጣውንም እርጥበት እንዳይዝ በየቀኑ ይቀይሩ። ከጎኑ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውንና የአካባቢውን ስም ይጻፉ።

በኮምቦልቻ ዙሪያና በመንገድ ዳር ነጫጭ ጥቃቅን አበባ ያለው ቅንጨ አረም መገኘቱ አይቀርም። ይህ አረም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ መጤ ሲሆን፣ ሌሎች ተክሎች እንዳይበቅሉ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችን ወደ አፈሩ ይለቅቃል፤ በብዙ ሰዎችም ላይ የቆዳና የመተንፈሻ አለርጂ ያስነሣል። በባዶ እጅ አይንቀሉት።

ቆጠራው ካለቀ በኋላ የብዝኃነቱን መጠን በቁጥር መግለጽ ይቻላል። ለአብነት፣ በአንድ የባሕር ዛፍ ካሬ ውስጥ 40 ግንዶች ተቆጥረው 36ቱ ባሕር ዛፍ፣ 2 ክትክታ፣ 2 ደግሞ ቀጋ ቢሆኑ፣ የየአንዳንዱ ድርሻ 0.9፣ 0.05 እና 0.05 ይሆናል። እያንዳንዱን ድርሻ በራሱ አባዝተው ሲደምሩ 0.815 ያገኛሉ፤ ይህንን ከ1 ሲቀንሱ 0.185 ይቀራል። በሌላ የተከለለ ተዳፋት ላይ ደግሞ ከ40ዎቹ 12 ክትክታ፣ 10 ወይራ፣ 8 ጥድ፣ 6 አጋም፣ 4 ቀጋ ቢሆኑ፣ በዚያው ስሌት 0.775 ይወጣል። ሲምፕሰን በተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ ስም የሚጠራው ይህ ልኬት ቀላል ትርጉም አለው፦ ከካሬው ውስጥ ሁለት ግንዶች በዕጣ ቢነሡ የተለያየ ዝርያ የመሆን ዕድላቸው ነው። በመጀመሪያው ካሬ ዕድሉ ከአምስት አንድ እንኳ አይሞላም።

በባሕር ዛፍ ሥር መሬቱ ባዶ ሆኖ ሲታይ ብዙ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በቅጠሉ ኬሚካል ላይ ያደርጋል። በእኔ እምነት ይህ ለፍርድ መቸኮል ነው። ዛፉ ውኃን በኃይል መሻማቱ፣ ጥላው፣ በተለይም ደግሞ የረገፈው ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ መወሰዱ እኩል ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። ቅጠሉ የሚጠረግበትንና የማይጠረግበትን ሁለት የባሕር ዛፍ ካሬ ጎን ለጎን መቁጠር ለአንድ ክበብ የሚበቃ ጥሩ ጥናት ነው።

ማን በማን እንደሚኖር መመልከት

ቆጠራ ብቻውን የስም ዝርዝር ነው፤ ማኅበረሰብ የሚያሰኘው ግንኙነቱ ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጸጥ ብለው ተቀምጠው የሚያዩትን ይጻፉ። በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የበቀለ ተቀጽላ ካለ ሥሩን በአስተናጋጁ እንጨት ውስጥ ሰድዶ ውኃና ማዕድን ይመጥጣል፤ ይህ ጥገኝነት ነው። በሾላና በዋርካ ደግሞ ሌላ ዓይነት ግንኙነት አለ። የሾላ አበባ ከውጭ አይታይም፤ በፍሬው ውስጥ የተደበቀ ነው፤ የሚያራባውም በፍሬው ጫፍ ባለች ጠባብ ቀዳዳ የምትገባ ጥቃቅን ተርብ ናት። ተርቧ እንቁላሏን የምትጥለው በዚያው ውስጥ ነው፤ ልጆቿም አድገው የአበባ ዱቄት ተሸክመው ይወጣሉ። አንዱ ያለ ሌላው ዘር አይተካም። ያልበሰለ ሾላ በስለት ለሁለት ቢሰነጥቁ በማጉሊያ መነጽር ይህን ሁሉ ማየት ይቻላል፤ ተማሪዎች ከዚህ ይልቅ የሚደነቁበት ነገር የለም።

በተከለሉ ተራሮች ላይ የሚታየው ደግሞ የጊዜ ግንኙነት ነው። ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ በወሎ በርካታ የተራቆቱ ተዳፋቶች ከከብት ተከልለው ሣሩ እንዲያገግም ተደርጓል። በእንዲህ ያለ ቦታ ቀድሞ የሚመጣው ሣር ነው፤ ቀጥሎ ድርቅንና ደሃ አፈርን የሚችለው ክትክታ ይስፋፋል። ወፎች የወይራን ፍሬ በልተው በቁጥቋጦው ላይ ሲያርፉ ዘሩን ከሥሩ ይጥላሉ፤ የወይራው ቡቃያም በክትክታው ጥላና እሾሃም በሆኑ ጎረቤቶቹ ተጠልሎ ያድጋል። ስለዚህ በተከለለ ቦታ የወይራን ቡቃያ ፍለጋ ወደ ገላጣው ሳይሆን ወደ ቁጥቋጦው ሥር ይመልከቱ፤ የተገኘበትንም ቦታ ‹‹ከቁጥቋጦ ሥር›› ወይም ‹‹በገላጣ›› ብለው ለይተው ይመዝግቡ።

የአየር ንብረት ሥዕል መሥራት

ከማኅበረሰቡ ወደ ባዮሙ የሚያሻግረው ድልድይ ሙቀትና ዝናብ ነው። የጀርመኑ የዕፅዋት ተመራማሪ ሃይንሪሽ ዋልተር ያስተዋወቀው ሥዕል ለዚህ ይበጃል። በአግድም 12ቱን ወራት፣ በግራ በኩል ሙቀትን በዲግሪ፣ በቀኝ በኩል ዝናብን በሚሊ ሜትር ያስቀምጡ፤ 10 ዲግሪ ከ20 ሚሊ ሜትር ጋር በአንድ መስመር ይዋል። ከዚያ ሁለቱን መስመሮች ይሥሩ። የዝናቡ መስመር ከሙቀቱ በታች የወረደበት ወር ለዕፅዋት ደረቅ ወር ነው፤ ለምሳሌ አማካይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ የሆነ ወር ከ40 ሚሊ ሜትር በታች ከዘነበ ደረቅ ይባላል። የአየር ሁኔታ ጣቢያ መረጃ የሚገኘው በፈረንጆቹ ወር መሆኑን አይርሱ፤ ጁላይን እንዳለ ሐምሌ ብሎ መጻፍ መስመሩን ያዛባል።

የኮምቦልቻ ሥዕል ሁለት ጉብታ ያለው ነው። ከማርች እስከ ሜይ የበልግ ዝናብ ትንሹን ጉብታ ይሠራል፤ ጁን ላይ ዝናቡ ጋብ ይላል፤ ጁላይና ኦገስት ላይ ደግሞ የክረምቱ ጉብታ ከፍ ብሎ ይወጣል። ኖቬምበርና ዲሴምበር አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ናቸው። በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ያለው ዕረፍት ለምን ጥልቅ ሥር ያላቸውና ቅጠላቸው ጠንካራ የሆነ እንደ ወይራና ክትክታ ያሉ ተክሎች በአካባቢው እንደሚያይሉ በከፊል ያስረዳል።

በዓለም ካርታ ላይ ማስቀመጥ

አሁን ሌላ ሥዕል ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ሮበርት ዊትከር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥዕል በአንዱ ጎን ዓመታዊ አማካይ ሙቀትን፣ በሌላው ጎን ዓመታዊ ዝናብን አድርጎ የዓለምን ባዮሞች በመካከሉ አሰፈረ። ተማሪዎች ይህንኑ በሰሌዳ ላይ ይሥሩት፤ ከዚያም ባዮሞቹን አንድ በአንድ ያስገቡ።

ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ፣ ዝናቡ ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ በሆነበት ጥግ የአማዞንና የኮንጎ ዝናባማ ደን ይቀመጣል። እዚያ አፈሩ ብዙውን ጊዜ ደሃ ነው፤ የረገፈው ቅጠል ወዲያው በስብሶ ንጥረ ነገሩ ወደ ዛፉ ስለሚመለስ ሀብቱ ያለው በአፈሩ ሳይሆን በሕያው እንጨቱ ውስጥ ነው። በዚያው ሙቀት ዝናቡ እየቀነሰ ደረቁ ወቅት ሲረዝም ሳቫና፣ ማለትም ዛፍ አልፎ አልፎ የሚታይበት የሣር ምድር፣ ይመጣል፤ ሴሬንጌቲ የታወቀው ምሳሌ ነው። ዝናቡ ከ250 ሚሊ ሜትር ሲያንስ በረሃ ይሆናል። ሰሐራ በ30 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ የተዘረጋው በምድር ወገብ ላይ ሞቆ የወጣው አየር ዝናቡን አራግፎ ደርቆ በዚያ ስለሚወርድ ነው። የአፋርን ዝቅታ ግን በዋናነት ያደረቀው በዙሪያው ያለው ከፍታ ነው፤ ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርድ ሰው ይህን ለውጥ በግማሽ ቀን ያያል።

ወደ ቀዝቃዛው ጎን ሲሄዱ የሜዲትራኒያን ቁጥቋጦ ይገኛል፤ ልዩነቱ ዝናቡ የሚጥለው በብርዱ ወቅት መሆኑ ነው። የፕሬሪና የስቴፕ የሣር ምድር በጥልቅና ለም አፈሩ ይታወቃል። ከብርዱ ወቅት በፊት ቅጠሉን የሚያራግፈው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ደን ይከተላል። ከዚያ በላይ ታይጋ የሚባለው የሳይቤሪያና የመሰሉት ቀዝቃዛ አገሮች ደን፣ በመጨረሻም ከሥሩ ያለው አፈር ዓመቱን ሙሉ በረዶ የሆነበት ታንድራ አለ።

ኮምቦልቻን በ19 ዲግሪና በ1,000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲያስገቡ ነጥቡ በሥዕሉ መካከል ያርፋል። ዊትከር ራሱ በዚህ መካከል በነጠብጣብ መስመር የከለለው ሥፍራ ነበረው፤ በዚያ ውስጥ ደን ወይም ሣር መሆኑን የሚወስነው አየሩ ብቻ ሳይሆን እሳት፣ አፈርና ግጦሽ ጭምር ነው። የወሎ ተራሮች ታሪክ ያለው እዚህ ላይ ነው። የየጎፍ ደንና ከጎኑ ያለው የተራቆተ ተዳፋት አንድ ዓይነት ሰማይ ሥር ናቸው፤ ስለዚህ ልዩነታቸውን በዝናብ ማስረዳት አይቻልም።

ደጋን ከታይጋ ጋር አለማምታታት

በየክፍሉ የሚደጋገም አንድ መሳሳት አለ፦ ‹‹ተራራ በወጣን ቁጥር ወደ ዋልታ እንደሄድን ይቆጠራል›› የሚለው። አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ1802 እ.ኤ.አ. በኢኳዶር ቺምቦራሶን ሲወጣ ዕፅዋት በከፍታ ቀበቶ ቀበቶ ሆነው እንደሚደረደሩ አስተውሏል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው አይሄድም። በሳይቤሪያ ታይጋ ውስጥ ያለችው ያኩትስክ በጃንዋሪ አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ አካባቢ፣ በጁላይ ደግሞ ከዜሮ በላይ 19 ዲግሪ አካባቢ ነው። በደሴ በጣም ሞቃቱና በጣም ቀዝቃዛው ወር የሚለያዩት በጥቂት ዲግሪዎች ብቻ ነው፤ በአንጻሩ በኅዳርና በታኅሣሥ የቀኑና የሌሊቱ ልዩነት ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ የእኛ ደጋ ዕፅዋት የሚቋቋሙት የስድስት ወር የብርድ ወቅትን ሳይሆን በየሌሊቱ የሚመጣና በየማለዳው የሚሄድ ብርድን ነው።

ይህን በዓይን ለማየት ከደሴ ወደ ምዕራብ፣ በደቡብ ወሎ ወደሚገኘው ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ መሄድ ይጠቅማል። በውርጩ ላይ የሚቆመው ጅብራ ማታ ቅጠሎቹን ወደ መሐል ሰብስቦ ለጋውን ጫፍ ይሸፍናል፤ ጠዋት ይዘረጋዋል። እንዲህ ያለ ተክል በታይጋም በታንድራም የለም። ከሥሩ ባለው ሣር ውስጥ የሚኖሩ አይጦችን ደግሞ ቀይ ቀበሮ እያደነ ይኖራል። የእኛም ጥድ ቢሆን የታይጋ ዛፍ ዘመድ ይምሰል እንጂ የአፍሪካ ተራሮች ዛፍ ነው፤ ስርጭቱም ከምድር ወገብ በስተደቡብ ይዘልቃል። ሌሊትና ቀን በየሦስት ሰዓቱ ቴርሞሜትር እያነበቡ የአንድን ሳምንት መስመር ቢሠሩ፣ ተማሪዎች ልዩነቱን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዱታል። ቴርሞሜትሩ ከመሬት 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በጥላ ሥር መሰቀል አለበት።

የውኃውን ማኅበረሰብ ማከል

ጥናቱ በየብስ ብቻ ቢቀር ጎዶሎ ነው፤ ‹‹ሐይቅ›› በሚል ስም የሚጠራው ሐይቅ ደግሞ ከደሴ በስተሰሜን በቅርብ ርቀት ላይ ይገኛል። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚበልጠው ይህ ሐይቅ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቆሮሶ የተባለ ዓሣ ተለቅቆበታል፤ ቀድሞ እጅግ ጥርት ያለ የነበረው ውኃ ከዚያ በኋላ በአልጌ እየደፈረሰ መምጣቱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። የቀረበው አንዱ ማብራሪያ የሚከተለው ነው፦ ዓሣው አልጌ የሚግጡትን ጥቃቅን እንስሳት ሲበላ፣ የሚግጠው ያጣው አልጌ በዛ። ከዙሪያው እርሻ በጎርፍ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያም በአልጌው መብዛት ላይ ሊጨመር ይገባዋል።

የውኃውን ጥራት ለመለካት የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ወስደው በአራት ከፍለው ነጭና ጥቁር ይቀቡት፤ መሐሉን በስተው በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ባለው ገመድ ይሰሩት፤ ከሥሩም ድንጋይ ያንጠልጥሉ። ይህ መሣሪያ በ1865 እ.ኤ.አ. በጣሊያናዊው አንጀሎ ሴኪ ከተሠራው የተወሰደ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ዋና ከሚችል ጀልባ ቀዛፊ ጋር፣ በጀልባው ጥላ በኩል ክዳኑን ቀስ ብለው ያውርዱ። ከዓይን የተሰወረበትን ጥልቀት ይመዝግቡ፤ ከዚያ ቀስ ብለው እየሳቡ መልሶ የታየበትንም ይመዝግቡ፤ የሁለቱ አማካይ ውጤቱ ነው። በየወሩ በአንድ ቦታ ይደግሙት፤ ከእያንዳንዱ ልኬት ጎን ባለፈው ሳምንት ዝናብ መዝነቡን ወይም አለመዝነቡን ይጻፉ፤ ጎርፍ ያደፈረሰውና አልጌ ያደፈረሰው ውኃ በቀለሙ ስለሚለይ፣ ቡናማ ወይም አረንጓዴ መሆኑም በዚያው መስመር ላይ ይግባ።